አሜሪካ ከባድ መኪና ለመንዳት ያሰባችሁ፣ ለትምህርት ቤት ከመክፈላችሁ በፊት

የጅቡቲን መስመር በተሳቢ ዓመታት የተመላለሰ ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስደነግጠው፣ ያ ሁሉ ልምድ ወረቀት ላይ ዜሮ መሆኑ ነው። የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ወደ ሲዲኤል፣ ማለትም ወደ አሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ አይቀየርም። ሁሉም ከሀ ይጀምራል። እጅ የለመደው ግን አይጠፋም፤ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት ላይ ከሌላው ተማሪ ቀድማችሁ ትገኛላችሁ።

በቅድሚያ የመኖሪያ ወረቀታችሁን እዩ። ግሪን ካርድ ያለው ብዙም አይቸገርም። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ሰው ግን፣ ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ መንግሥት ሕጉን ለማጥበቅ ስለተነሳ፣ አንድ ዶላር ከመክፈሉ በፊት የሚኖርበት ስቴት መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄዶ ይጠይቅ።

ዕድሜ፣ ስቴት ውስጥ ብቻ ለመንዳት 18፣ ከስቴት ስቴት ለመሻገር 21 ነው። ቀጥሎ የሐኪም ምርመራ አለ፤ ዓይን፣ ጆሮ፣ የደም ግፊት ይታያል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተና። ለክላስ ኤ፣ ማለትም ተሳቢ ላለው ከባድ መኪና፣ ጠቅላላ ዕውቀት፣ የአየር ፍሬንና ተሳቢ ናቸው። ስታልፉ ፐርሚት (የመለማመጃ ፈቃድ) ይሰጣችኋል፣ እሱንም ቢያንስ 14 ቀን ሳትይዙ ለመንዳት ፈተና አትቀርቡም። ጓደኛ አስተምሮኝ እፈተናለሁ ማለት ድሮ ቀረ፤ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ በፌዴራል መዝገብ ላይ ካለ ማሠልጠኛ መማር ግዴታ ነው። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ስላለ የትምህርት ቤቱን ስም ራሳችሁ ፈልጉት።

እኔን የጣለኝ መንዳቱ አልነበረም። ፕሪትሪፕ የሚሉት፣ ከመንዳት በፊት የሚደረግ የመኪና ፍተሻ ነው። ፈታኙ አጠገባችሁ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ዕቃ እያሳያችሁ በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ እንድትናገሩ ይጠብቃል፤ የአየር ቱቦውን ትይዙና አልተቆረጠም፣ አልተላጠም፣ አየር አያስወጣም ትላላችሁ፣ አይታችሁት ዝም ካላችሁ ግን እንዳላያችሁት ይቆጠራል። የአየር ፍሬኑ ላይማ ቀልድ የለም። ሞተር ጠፍቶ ፍሬን ረግጣችሁ ስትይዙ፣ ተሳቢ ያለው መኪና በ1 ደቂቃ ከ4 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) በላይ አየር ማጣት የለበትም። እኔ ደቂቃዋ ሳትሞላ እግሬን አነሳሁ። መንገድ ሳልወጣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ከዚያ ማታ ማታ ሳሎን ቆሜ ለባለቤቴ ሙሉውን እየተናገርኩ ሦስት ሳምንት ተለማመድኩ፣ በሁለተኛው አለፍኩ።

እንግሊዝኛው ፈተና ላይ አያበቃም። ከጁን 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ያስቆማችሁ ተቆጣጣሪ የሚጠይቃችሁን መመለስ ካልቻላችሁ፣ ወይም የመንገድ ምልክት ማንበብ ካቃታችሁ፣ እዚያው ከሥራ ያግዳችኋል። ስለ ጫት ደግሞ በግልጽ ልናገር። ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ዕፆች አንዱ ነው። መኪና ውስጥ አንድ እስር ይዞ መገኘት የደከማችሁበትን ፈቃድ ሊያስነጥቃችሁ ይችላል፣ በእናታችሁ ተዉት።

ሌላ ነገር፣ በአውቶማቲክ ከተፈተናችሁ ፈቃዱ ላይ ገደብ ይጻፍበታል፤ በእሱ ማኑዋል ከባድ መኪና መንዳት አትችሉም።

ብር ከሌላችሁ በነጻ የሚያሠለጥኑ ድርጅቶች አሉ። በነጻ ሲባል ግን ውል አለው፤ የተስማማችሁበትን ጊዜ ሳትጨርሱ ከለቀቃችሁ የሥልጠናውን ወጪ ይጠይቋችኋል። እዚያው ጠረጴዛ ላይ አትፈርሙ። ወረቀቱን ቤት ውሰዱት፣ ቀድሞ የገባ ሾፌር ያንብብላችሁ፣ ብትለቁ ስንት እንደምትከፍሉና ከአሠልጣኝ ጋር ስትነዱ በሳምንት ስንት እንደሚከፈላችሁ ቁጥሩ የተጻፈበትን በጣቱ ያሳያችሁ።