ጥቁር ባለጅማት እብነ በረድ፦ በወጥ ቤትና በመታጠቢያ ቤት የሚያስከትላቸው ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በጥቁር እብነ በረድ ላይ የሚታይ እንከን ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፤ በድንጋዩ ላይ የተጋገረ ነገር አለ፣ ወደ ድንጋዩ የሰረገ ነገር አለ፣ ወይም ከድንጋዩ የጎደለ ነገር አለ። ብዙ ገጽታ የሚበላሸው በመጀመሪያው ጉዳት ሳይሆን ይህን ሳይለዩ በሚደረግ ጥገና ነው፤ የጎደለውን በሳሙና ለማስለቀቅ፣ የተጋገረውን በአሲድ ለማጠብ፣ የሰረገውን በብርጭቆ ወረቀት ለመፋቅ ይሞከራል። ለመለየት ክፍሉን አጨልሞ የእጅ ባትሪን ከገጽታው ጋር አስተኝቶ ከጎን ማብራት ይበቃል። የተጋገረው ከፍ ብሎ ጥላ ይጥላል፤ የጎደለው ብርሃኑን ሳያንጸባርቅ ይፈዛል፤ የሰረገው ደግሞ የቀለም ለውጥ ይኑረው እንጂ በላዩ ያለው ልስላሴ ከአካባቢው አይለይም።

ከዚህ በታች የቀረቡት ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው የድንጋዩ ምርጫ ስለሆነ፣ ከየጥገናው ጋር ድንጋዩ ሲመረጥ ምን መታየት እንደነበረበት አብሮ ተነግሯል።

ነጣ ያለ የደበዘዘ ክብ ወይም ጠብታ መሳይ ምልክት፣ ሲረጥብ የሚጠፋ፣ ሲደርቅ የሚመለስ

ይህ ከሁሉም በላይ የተለመደው ቅሬታ ሲሆን፣ ብዙ ሰው «ውሃ ያመጣው እድፍ» ይለዋል። እድፍ ግን አይደለም። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም፣ ወይን፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም አሲድ ያለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ሲነካው የላይኛው ስስ ንጣፍ ሟሙቶ፣ ከፊሉም ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የቀረው ሸካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይበትነዋል፤ የተበተነ ብርሃን ደግሞ ለዓይን ነጭ ነው። በነጭ እብነ በረድ ላይም ይኸው ጉዳት ይደርሳል፤ ነገር ግን ነጭ በነጭ ላይ ብዙም አይታይም። በጥቁሩ ላይ ግን ከክፍሉ ማዶ ይታያል።

እዚህ ላይ ስለ ሲለር ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ሲለር ወደ ድንጋዩ ቀዳዳዎች ገብቶ ዘይትና ባለቀለም ፈሳሽ ቶሎ እንዳይሰርግ ያዘገያል፤ አሲድ ግን መስረግ አያስፈልገውም፤ ላይ ላዩን ይበላል። ስለዚህ ሲለር የተቀባ እብነ በረድ አሲድ አይነካውም ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ወይ አያውቅም፣ ወይ ማወቅ አይፈልግም።

ጥገናው በገጽታው አሠራር ይወሰናል። ያልተብለጨለጨ፣ ማት የሆነ ገጽታ ከሆነ በውሃ ረጠብ በተደረገ ደቃቅ መፈግፈጊያ ስፖንጅ ዙሪያውን ጭምር በእኩል ግፊት እያሹ ማመሳሰል ይቻላል። በፖሊሽ የተብለጨለጨ ከሆነና ምልክቱ በጥፍር የማይሰማ ከሆነ፣ ለእብነ በረድ ተብሎ የተሠራ የፖሊሽ ዱቄት በጥቂት ውሃ ለውሶ በጨርቅ ወይም በቀስታ በሚሽከረከር ማሽን ማሸት ይመልሰዋል። በጥፍር የሚሰማ ጥልቀት ካለው ግን ዱቄት ብቻውን አይበቃም፤ በውሃ የሚሠሩ የዳይመንድ ፓዶች ከ400 ጀምሮ 800፣ 1500፣ 3000 እያሉ (ቁጥሩ ሲጨምር ፓዱ እየደቀቀ ይሄዳል) በቅደም ተከተል ያስፈልጋሉ። ደረጃ መዝለል አይገባም፤ የ400ው ጭረት በ3000ው አይጠፋምና። ጥቁር ድንጋይ ይህን ስንፍና ይቅር አይልም፤ አንድ ቦታ ብቻ ሲሠራ ዙሪያው እንደ ጥላ ይለያል፤ ስለዚህ ትልቅ ጉዳት ሲሆን ሙሉውን ገጽታ ለባለሙያ መስጠት ይሻላል።

ለሚመርጥ ሰው ምክሩ ቀላል ነው። ከሚገዛው ድንጋይ ቁራጭ ይጠይቅ፤ በአንዱ ጥግ የሎሚ ጭማቂ፣ በሌላው ዘይት፣ በሦስተኛው ቡና አንጠባጥቦ ያሳድረው። ጠዋት የሚያየው ወደፊት በቤቱ የሚያየው ነው። ያየው ካልተመቸው ጥቁሩን እብነ በረድ ለግድግዳው አድርጎ ለሥራ ገጽታው ጥቁር ግራናይት ቢይዝ ይሻለዋል፤ ግራናይት በሎሚ አይነካም። የጥንካሬውም ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ወደ 6 እና 7 ይጠጋል፤ ቢላዋ በእብነ በረድ ላይ ነጭ ጭረት የሚተወውም ስለዚህ ነው። የማት ገጽታ የአሲዱን ምልክት በጣም ይቀንሳል፤ በምትኩ የጣት አሻራንና የዘይት እጅን ያጎላል። ሁለቱንም የሚያመልጥ አሠራር የለም፤ የሚመረጠው የትኛው ጣጣ እንደሚቻል ነው። በእኔ ግምት ምግብ በየዕለቱ በሚሠራበት ወጥ ቤት አሻራን መጥረግ ፖሊሽን ከማደስ ይቀላል።

በሻወርና በቧንቧ ዙሪያ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት

ምክንያቱ ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው፤ ውሃው ይተንናል፣ ኖራው ይቀራል። ሰው ወዲያው የሚያስበው አቼቶ ወይም የኖራ ማስለቀቂያ ፈሳሽ ነው፤ በእብነ በረድ ላይ ግን ከዚህ የከፋ ሐሳብ የለም። ቅርፊቱም ድንጋዩም በዋናነት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆኑ አንዱን የሚያሟሟ ፈሳሽ ሌላውን አይምረውም። ቅርፊቱ የሚነሣው በመፋቅ ነው፦ ገጽታውን በሳሙና ውሃ አርጥቦ፣ አዲስ ምላጭን ከድንጋዩ ጋር አስተኝቶ፣ ሳይጫኑ መግፋት። ማት በሆነ ገጽታ ላይ ምላጭ የሚያብለጨልጭ መስመር ሊተው ስለሚችል የፕላስቲክ መፋቂያ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ አሲድም አልካሊም ባልሆነ ገለልተኛ ሳሙና ማጠብና ከእያንዳንዱ ሻወር በኋላ ውሃውን በላስቲክ መጥረጊያ ወደ ታች መሳብ ነው።

ውሃው ኖራ የሚበዛበት ከሆነ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚታየው ነጭ ንጣፍ አስቀድሞ ይናገራል። እንዲህ ባለ ቦታ የሻወሩን ወለልና የሳሙና መደርደሪያውን ጥቁር ማድረግ የዕለት ሥራን በገዛ እጅ መግዛት ነው። ወለልን በተመለከተ ደግሞ፣ የተብለጨለጨ እብነ በረድ ሲረጥብ ስለሚያንሸራትት ለሻወር ወለል ማት ገጽታና ትንንሽ ቁራጭ ይመረጣል፤ በቁራጮቹ መካከል ያለው ግራውት፣ ማለትም የክፍተት መሙያው፣ እግርን ይይዛል።

ነጩን ጅማት ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ

ጅማቱ ጌጥ ብቻ አይደለም። ድንጋዩ ከመሬት በታች ሳለ የተሰነጠቀበትና ስንጥቁን ነጭ ካልሳይት የተባለ ማዕድን የሞላበት መስመር ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛ ለመሰንጠቅ ሲፈልግ መንገዱን አይፈልግም። ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ስላቡን፣ ማለትም ገና ያልተቆራረጠውን ሰፊ የድንጋይ ሰሌዳ፣ በሬዚን (ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ በሚጠነክር ሙጫ) ያጠጡታል፣ ከጀርባውም የመረብ ጨርቅ ይለጥፉበታል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ጅማቱ ለበዛ ድንጋይ አስፈላጊ ነው። ሆኖም ገዢው ማወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ሬዚን የሞላበት ቦታ ለጋለ ድስትና ለአሴቶን (የጥፍር ቀለም ለማስለቀቅ ለሚያገለግለው ፈሳሽ) ከድንጋዩ የተለየ ምላሽ ይሰጣል።

ስንጥቅ ሲታይ ጥፍርን በላዩ ማስኬድ ነው። ጥፍር ካልያዘ፣ ምናልባት ድንጋዩ ሲፈጠር የነበረ መስመር ነው፤ ይተው። ጥፍር ከያዘና አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ፣ ችግሩ ድንጋዩ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሳጥን ወይም ድጋፍ ነው፤ ያ ሳይስተካከል የሚደረግ ሙሌት ሁሉ ተመልሶ ይከፈታል። የድጋፍ ችግር መብዛቱ አይገርምም፤ እብነ በረድ በኪዩቢክ ሜትር 2.7 ቶን ያህል ስለሚመዝን 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ገጽታ በካሬ ሜትር 80 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ያልተስተካከለ ሳጥን ይህን ክብደት ሲሸከም ድንጋዩ በጅማቱ ይከፈላል። ድጋፉ ከተስተካከለ በኋላ ስንጥቁ በአሴቶን ተጠርጎ፣ ደርቆ፣ ጥቁር ቀለም በገባበት ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሾች ተደባልቀው የሚጠነክር ሙጫ) ይሞላና ሲጠነክር በምላጭ ተፍቆ ፖሊሽ ይደረጋል። መስመሩ ነጩን ጅማት የሚያቋርጥ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ኢፖክሲው ነጭ መሆን አለበት፤ ጥሩ ባለሙያ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረገው ምርመራ ርካሽ ነው። በቆመው ስላብ ላይ ውሃ ይርጩና ሲደርቅ ይመልከቱ፤ ሌላው ደርቆ ቀጭን ጥቁር መስመር እርጥብ ሆኖ ከቆየ፣ ያ የተከፈተ ስንጥቅ ነው። ቆረጣው ሲታቀድም ከሲንኩ ፊትና ኋላ የሚቀሩት ጠባብ ቁራጮች የገጽታው ሁሉ ደካማ ስፍራ ስለሆኑ፣ ትልቅ ጅማት በዚያ እንዳያቋርጥ የቆረጣው ቅርጽ መሣያ በስላቡ ላይ ተዘርግቶ መታየት አለበት። የሲንኩ ቀዳዳ ማዕዘኖች ክብ ሆነው ይቆረጡ፤ ቀጥ ያለ ማዕዘን ስንጥቅ ይጀምራል። ሲጓጓዝም ድንጋዩ ቆሞ ይሂድ፣ ተጋድሞ አይሂድ።

ጥቁሩ ቀለም ከጽዳት በኋላ ወደ ግራጫ መሸሹ

ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ ድንጋዩ በመሠረቱ ግራጫ ሆኖ በቀለም፣ በሰም ወይም በዘይት የጠቆረ ነው። ነጭ ጨርቅ በአሴቶን ነክሮ በማይታይ ጥግ ላይ ማሸት ይገልጠዋል፤ ጨርቁ ከጠቆረ ቀለም ተቀብቷል። ይህ ምርመራ መደረግ ያለበት ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ነው፤ ከተገጠመ በኋላ ያለው አማራጭ ቀለሙን ሙሉ በሙሉ አስለቅቆ የተፈጥሮ መልኩን መቀበል ወይም ቀለም አጉሊ ሲለር እየቀቡ በየጊዜው ማደስ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በእውነተኛው ጥቁርም ላይ ይደርሳል። በስፔን ባስክ አገር የሚወጣው ኔሮ ማርኪና፣ በጣሊያን ላ ስፔዚያ አጠገብ የሚወጣው ወርቃማ ጅማት ያለው ፖርቶሮ እና የመሰሏቸው ጥቁሮች በሥነ ምድር አነጋገር ብዙውን ጊዜ የኖራ ድንጋይ ናቸው፤ ጥቁረታቸውም ከውስጣቸው ካለው ካርቦንና የጥንት ሕያዋን ቅሪት የመጣ ነው። ስለዚህ በረኪና እና ጠንካራ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሊያነጡት ይችላሉ። ለነጭ እብነ በረድ እድፍ ማውጫ የሚመከረውን ፐሮክሳይድ በጥቁሩ ላይ መገልበጥ የተለመደ ጥፋት ነው።

ዘይት የሰረገበት የጠቆረ ቦታ

ቤኪንግ ሶዳን በአሴቶን ወይም በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንደ ወፍራም ሊጥ ለውሶ፣ በቦታው ላይ ግማሽ ሳንቲሜትር ያህል አድርጎ መለጠፍ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ዳሩን በፕላስተር ማሸግና ለ24 ሰዓት መተው ነው። ከዚያም ፕላስቲኩ ተነሥቶ ልጥፉ ራሱ ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ዘይቱን ወደ ላይ የሚስበው መድረቁ ስለሆነ ቶሎ መጥረግ ሥራውን ያበላሻል። ለአሮጌ ዘይት መደጋገም ያስፈልጋል። አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል መስኮት ተከፍቶ፣ ምድጃ ጠፍቶ ይሠራ፤ ሬዚን በሞላው ጅማት ላይም ሬዚኑን ሊያለሰልስ ስለሚችል እዚያ ሳሙናው ይመረጥ።

እድፉ በሲንኩ ጠርዝ ላይ ብቻ እንደ ክፈፍ ከዞረ ግን ምክንያቱ ምግብ ሳይሆን የሲንኩን ዳር የሚያሽገው ላስቲክ መሳይ ሲልከን ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሲልከን ዘይቱን ወደ ድንጋዩ ያፈሳል፤ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ጠርዙን ይበላል። መነቀልና ለተፈጥሮ ድንጋይ በተሠራ ገለልተኛ ሲልከን መተካት አለበት።

ከተለጠፈ በኋላ የተጣመመ ጥቁር አረንጓዴ ሰሌዳ

በ«አረንጓዴ እብነ በረድ» ስም የሚሸጡት ብዙዎቹ ሰርፐንቲን የተባለ ከእብነ በረድ የተለየ ድንጋይ ናቸው። አንዳንዶቹ ውሃ ባለው ማጣበቂያ ሲለጠፉ እርጥበቱን ከጀርባ ስበው ይቆለመማሉ፤ የተጣመመው አይቃናም። በአዲስ ሰሌዳና በኢፖክሲ ማጣበቂያ እንደገና መሥራት ነው።

የተገጠመው ድንጋይ የተመረጠውን ናሙና አለመምሰሉ

መዳፍ የሚያክል ናሙና ስለ ጅማት ምንም አይናገርም፤ በአንዱ ስላብ ላይ ጅማቱ እንደ ክር የሳሳ ሆኖ በሚቀጥለው ላይ እንደ መብረቅ ሊሰፋ ይችላል። መመረጥ ያለበት ሙሉው ስላብ ነው፤ ፎቶው ተነሥቶ ቁጥሩ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሁለት ስላቦች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተከፍተው ጅማታቸው እንዲገጥም ከተፈለገ ከአንድ ትልቅ የድንጋይ ብሎክ በተከታታይ የተቆረጡ መሆናቸው ይረጋገጥ። ስላቡ ረጥቦ ከታየ ሁልጊዜ የጠለቀ ጥቁር ስለሚመስል ደርቆ እስኪታይ መጠበቅ ያሻል።

ሲንኩ ሲገጠም ከመካከል ተቆርጦ የሚወጣው ቁራጭ ደግሞ ከቤቱ ገጽታ ጋር አንድ ድንጋይ፣ አንድ ፖሊሽ፣ አንድ ሲለር ስለሆነ የባለቤቱ ነው፤ ባለሙያው ጭኖት እንዳይሄድ አስቀድሞ ይነገረው። አዲስ ሳሙና፣ አዲስ ሲለር ወይም የፖሊሽ ዱቄት በመጀመሪያ የሚሞከረው በእሱ ላይ ነው።