ዲሲ-3ን ለኤክስ-ፕሌን መሥራት፦ ቀለሙ ይቆይ፣ ሞተሩ ይቅደም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረራ የጀመረው በሲ-47፣ ማለትም በባለ ሁለት ሞተሩ ዲሲ-3 አውሮፕላን ወታደራዊ ቅጂ ነው። ይህን አውሮፕላን ለቤት ሲሙሌተር የሚሠራ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው የአንበሳውን አርማ ነው። ፎቶ ላይ ያምራል፤ ሲነሳ ግን ዲሲ-3 አይደለም። ስለዚህ ቀለም የመጨረሻው ሥራ ይሁን።

የበረራ ሲሙሌተሩ ኤክስ-ፕሌን ካላችሁ አውሮፕላን መሥሪያው ፕሮግራም ፕሌን ሜከር አብሮት ይመጣል። ለቅርጹ ብሌንደር (ነጻ የ3ዲ ቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው)፣ ለመለኪያ ባለ ሦስት አቅጣጫ ንድፍና የሲ-47 የአብራሪ ማኑዋል ያስፈልጋል። ለሙከራ የራደር ፔዳል (የጭራውን መሪ በእግር የሚያዞር) ቢኖር ጥሩ ነው፤ በሚጠመዘዝ ጆይስቲክ ብቻ የጭራ ጎማ ያለው አውሮፕላን ማስተካከል ያሰለቻል።

ክንፉን በአንድ ቁራጭ አትሥሩት። ሞተሮቹን የያዘው መሃለኛ ክፍል ቀጥ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ውጪኛው የፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ጫፉም ከፍ ይላል። የክንፉ ቅርጽ ከሥሩ ናካ 2215፣ ጫፉ ላይ ናካ 2206 ነው (ናካ የክንፍ ቅርጾች መለያ ቁጥር ነው)። ከጫፍ ጫፍ 95 ጫማ (29 ሜትር)፣ ስፋቱ 987 ካሬ ጫማ መድረስ አለበት። ስፋቱ ካለፈ አውሮፕላኑ ከሚገባው ባነሰ ፍጥነት አየር ላይ ይቆያል። ፍላፑ (ለማረፊያ ወደ ታች የሚዘረጋው የክንፉ ክፍል) ከክንፉ ሥር የሚከፈተው ስፕሊት ዓይነት ነው፤ አራት ደረጃ፣ እስከ 45 ዲግሪ። ስሎትድ (ከክንፉ ጋር ክፍተት ያለው) የሚለውን ከመረጣችሁ መጎተቱ ያንስና ማረፊያው ላይ ተንሳፍፎ አልወርድ ይላል።

አሁን ሞተሩ። ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1830-92፣ 14 ሲሊንደር፣ ለመነሻ 1,200 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ2,700 ዙርና በ48 ኢንች የማኒፎልድ ግፊት (ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር ግፊት፣ በሜርኩሪ ኢንች)። የፕሮፔለሩ ማርሽ 16 ለ 9 ነው፤ ሞተሩ 2,700 ሲዞር ፕሮፔለሩ 1,519 ገደማ ይዞራል። ማርሹን 1 ለ 1 ብትተዉት የፕሮፔለሩ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት ያልፍና አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ኃይል ይወድቃል፤ ሰውም የጉልበት ማነስ መስሎት የፈረስ ጉልበቱን ይጨምራል።

ትልቁ ስህተት ያለው ሱፐርቻርጀሩ (ለሞተሩ አየር ጨምቆ የሚያስገባው መሣሪያ) ላይ ነው። ባለ አንድ ፍጥነት ስለሆነ 1,200 ጉልበቱን ይዞ የሚቆየው እስከ 5,000 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። የክሪቲካል አልቲቲዩዱን (ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ የሚቆይበትን ከፍታ) ቦታ ዜሮ ከተዋችሁት ጉልበቱ ከባሕር ወለል ጀምሮ ይቀንሳል፤ 15,000 ብትጽፉ ደግሞ ደጋ ላይ እንደ ጄት ይወጣል። መፈተኛው ቦሌ ነው፤ ከፍታው 7,625 ጫማ። ሞተሩ ሳይነሳ የማኒፎልድ ጌጁ 23 ኢንች ገደማ ማሳየት አለበት፤ 30 ካሳየ ጌጁ የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ 2,700 ዙር ላይ ጋዙን ሙሉ ስጡት፦ 48 ሊደርስ አይገባም፣ ከ45 በታች ይቆማል። በ2,550 ዙር ግን 1,050 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ማግኘት አለባችሁ፤ ሞተሩ በ7,500 ጫማ የሚሰጠው መደበኛ ጉልበት እሱ ነው። ይህን ከመፈተናችሁ በፊት ጅቡቲ ላይ፣ ባሕር ወለል አጠገብ፣ 48 ኢንች መድረሱን አረጋግጡ፤ ሁለቱ ፈተናዎች አንድ ላይ ካለፉ ሞተሩን አትንኩት።

ቦሌ ላይ 25 ዲግሪ ሙቀት ስታደርጉ አየሩ ከ10,000 ጫማ በላይ ያለ ያህል ይሳሳል። መንደርደሪያው ቢረዝምባችሁ አትደንግጡ፤ ትክክል ነው።

የክብደት ማዕከሉ ከክንፉ አማካይ ወርድ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ) ከ11 እስከ 28 በመቶ መሃል ይሁን፣ ዋናዎቹ ጎማዎች ደግሞ ከሱ ፊት። ማዕከሉ ወደ ኋላ ከሸሸ ጭራው አይነሳም፤ ወደ ፊት ከመጣ ፍሬን ሲያዝ በአፍንጫው ይደፋል። የጭራው ጎማ በነጻ የሚዞር፣ ለመነሻና ለማረፊያ ግን የሚቆለፍ ነው። ሁለቱም ፕሮፔለሮች ከኋላ ሲታዩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞሩ አውሮፕላኑ ወደ ግራ መሳቡ አይቀርም። መሳቡን ለማጥፋት አንዱን ፕሮፔለር በተቃራኒ ማዞር የተለመደ ማጭበርበር ነው፤ መጀመሪያ የጭራው ጎማ መቆለፉን እዩ።

ጎማዎቹ ሲታጠፉ ሙሉ በሙሉ አይደበቁም፤ የታችኛው ክፍላቸው ውጭ ይቀራል። በብሌንደር ስትሠሩት መዝጊያ በር አትጨምሩበት።

ኮክፒት ውስጥ የጎማው ማውጫ አንድ ማንሻ አይደለም፦ የሃይድሮሊኩ ማንሻ አለ፣ ወለሉ ላይ ደግሞ የመቆለፊያው። አንድ ቁልፍ ላይ ማሰር ይቻላል፣ ግን የአውሮፕላኑ ግማሽ ጠባይ አብሮ ይጠፋል።

ቀለም ስትቀቡ አንድ አውሮፕላን፣ አንድ ዓመት ምረጡ። የድሮዎቹ ምዝገባ በኢቲ-ቲ ይጀምራል፤ የአንዱን ቁጥር ከሌላው ፎቶ መስመር ጋር አታዋህዱ። ሲ-47 ከሆነ በግራ በኩል ከኋላ ያለው ሰፊው ባለ ሁለት ክፋይ የጭነት በር እንዳይረሳ፤ ቀለሙ ላይ ሳይሆን ቅርጹ ላይ መኖር አለበት።