ጫጩቱን ለማውጣት አትቸኩሉ
ደብረ ብርሃን አካባቢ ዶሮ ያስታቀፋችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ20ኛው ቀን ገደማ እንቁላሉን ወደ ጆሯችሁ ብታስጠጉ ጪው ጪው የሚል ድምፅ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ቅርፊቱ አልተሰበረም፤ ጫጩቱ ግን መተንፈስ ጀምሯል። በእንቁላሉ ሰፊ ጫፍ በኩል የአየር ኪስ አለ። ስሱን ሽፋን በመንቁሩ በስቶ የመጀመሪያ ትንፋሹን የሚስበው ከዚያ ነው። እስከዚያ አየር የሚያገኘው ከቅርፊቱ ሥር በተዘረጉት የደም ሥሮች ነበር።

ቅርፊቱን ከሰነጠቀ በኋላ 12፣ አንዳንዴም 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የሞተ እንዳይመስላችሁ! ሳንባው ሥራውን እየተረከበ ነው፤ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዱ እየገባ። እኔ አንዴ አሳዘነኝና ቅርፊቱን በጥፍሬ ብልጠው ደም በደም ሆነ። በዚህ ብርድ ደግሞ ለማየት እያላችሁ ታቃፊዋን ደጋግማችሁ አታስነሷት።