ማይኩ ሲነክስ፦ የተዛባው ድምፄ እንዴት ጠራ

በአማተር ሬዲዮዬ በ20 ሜትር ባንድ (14 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የሞገድ ክልል) ስናገር ድምፄ እየተቆራረጠ ይወጣ ነበር። ከንፈሬ የማይኩን ብረት ሲነካ ደግሞ ቆንጠጥ ያደርገኛል። አማተር ሬዲዮኞች «ማይኩ ይነክሳል» የሚሉት ይህንን ነው። ዕቃ ሲቃጠል ደግሞ «አስማተኛው ጭስ አመለጠ» ይላሉ፤ የእኔ እዚያ አልደረሰም።

ሬዲዮውን ለመክፈት አትቸኩሉ። አንቴናውን ነቅዬ 50 ኦም ዳሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ ኃይሉን ተቀብሎ ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሞከሪያ) ሰካሁ። በ100 ዋት ድምፁ ጥርት አለ፤ ሬዲዮው ጤነኛ ነው ማለት ነው። አንቴናውን መልሼ ኃይሉን ወደ 10 ዋት ሳወርደው ችግሩ ጠፋ። ከፍ ሳደርገው ተመለሰ። ኃይሉ ሬዲዮውን ከአንቴናው በሚያገናኘው ኮአክሲያል ኬብል የብረት ሽፋን ውጪ በኩል ወደ ክፍሉ እየተመለሰ ነበር።

መፍትሔው ቾክ ነው፤ በኬብሉ ሽፋን ውጪ የሚመለሰውን ኃይል የሚያግድ ጥምጥም ማለት ነው። 61 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቁጥር 31 በሚባለው የፌራይት (መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ዓይነት ቀለበት ላይ ቀጭን ኮአክሲያል 12 ዙር ጠመጠምኩ። ዙሩን በጣም አታጥብቁት፤ የውስጡ ሽቦ ከጊዜ ብዛት ወደ ሽፋኑ ይጠጋና ሾርት ያደርጋል። ጫፎቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ አሰርኩ። ከዚያ አንቴናዬ ዳይፖል (ሁለት ክንድ ያለው የሽቦ አንቴና) ስለሆነ መሃሉ ላይ፣ ኬብሉ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ሰቀልኩት።

አሁን በሙሉ 100 ዋት ማይኩ አይነክስም፤ ድምፁም ንጹህ ነው። ብዙዎች ቾኩን ሬዲዮው ጀርባ ያደርጉታል። እኔ ግን አንዱን ብቻ መምረጥ ካለባችሁ አንቴናው ጋ አድርጉት እላለሁ።