በስህተት የተላከ ኢሜይል፦ ችግርና መፍትሄ

መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅ። «ላክ» ሲጫን መልእክቱ ከላኪው ሰርቨር ወደ ተቀባዩ ሰርቨር ይገለበጣል። የተቀባዩ ሰርቨር «250» (ተቀብያለሁ ማለት ነው) ብሎ ከመለሰ በኋላ ቅጂው የእሱ ነው። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ሥርዓት «መልስልኝ» የሚል ትእዛዝ የለውም፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ደንቡ ሲጻፍ አልነበረም፣ ዛሬም የለም። ከጂሜይል ወደ ያሁ፣ ከቢሮ ወደ ጂሜይል የሄደ ኢሜይል እንመልሳለን ብሎ ፓስወርድ የሚጠይቅ አፕ ወይም ሰው ካጋጠመዎት ሌባ ነው። ፓስወርድዎን አይስጡ።

ስለዚህ የሚሠሩት መፍትሄዎች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ከመሄዱ በፊት ማዘግየት፣ በአንድ ድርጅት ሰርቨር ውስጥ ያለውን ማጥፋት፣ ኢሜይሉ የያዘውን ሊንክ መዝጋት።

ችግር፦ መላኩን የሚሰርዘው «አንዱ» (Undo) የሚለው ቁልፍ ሳልደርስበት ጠፋ

ጂሜይል መልእክቱን ይዞ የሚቆየው ካልነኩት 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ስህተቱ ለዓይን የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ በስድስተኛው ነው። ወደ 30 ሰከንድ ያሳድጉት። በኮምፒውተር ጂሜይልን ከፍተው የማርሽ (ጥርስ ያለው ክብ) ምልክቱን ይጫኑ፣ «ሲ ኦል ሴቲንግስ»፣ «ጀነራል»፣ ከዚያ «አንዱ ሴንድ» ከሚለው አጠገብ 30 ይምረጡ። ምርጫው 5፣ 10፣ 20 እና 30 ነው፤ ከ30 በላይ የለም። አሁን እስከ ገጹ ታች ወርደው «ሴቭ ቼንጅስ» ይጫኑ። አስተካክዬ ነበር ግን አልሠራም የሚሉ ሰዎች በአብዛኛው ይህችን የታችኛዋን ቁልፍ ሳይጫኑ የወጡ ናቸው። ይህን ማስተካከያ በስልኩ የጂሜይል አፕ ውስጥ አይፈልጉት፣ እዚያ የለም።

ከላኩ በኋላ በማያ ገጹ ታች በግራ በኩል የምትወጣውን «አንዱ»፣ በአማርኛው ገጽ «ቀልብስ» የምትለዋን እያዩ ይቆዩ። ታቡን ከዘጉ ቁልፏም አብራ ትሄዳለች። የኪቦርድ አቋራጮችን በዚያው «ጀነራል» ውስጥ ካበሩ «ዜድ» የምትለዋን ፊደል መጫን ብቻ ይበቃል።

በድረ ገጽ የሚከፈተው አውትሉክ ቢበዛ 10 ሰከንድ ይሰጣል፦ «ሴቲንግስ»፣ «ሜይል»፣ «ኮምፖዝ ኤንድ ሪፕላይ»፣ «አንዱ ሴንድ»። በአይፎን ሜይል ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ አለ፤ 10፣ 20 ወይም 30 ሰከንድ ይመረጣል።

ችግር፦ በአውትሉክ «ሪኮል» አደረግሁ፣ ሰውየው ግን አነበበው

«ሪኮል» የተላከን መልእክት መልሶ ለመሳብ የሚሞክር ትእዛዝ ነው፤ የሚሠራው ላኪና ተቀባይ በአንድ ድርጅት የኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የቢሮ ኢሜይል ሥርዓት) ወይም የማይክሮሶፍት 365 ሰርቨር ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው። ወደ ጂሜይል ለሄደ ምንም አያደርግም። እንዲያውም በድሮዎቹ የቢሮ ሰርቨሮች «እገሌ ይህን መልእክት መመለስ ይፈልጋል» የሚል ሁለተኛ ኢሜይል ለተቀባዩ ይደርሰዋል። ሊያልፈው የነበረውን ኢሜይል እንዲከፍት የሚጋብዘው ይኸው ነው። ከድርጅት ውጭ ለሄደ በፍጹም አይሞክሩት።

አሠራሩ፦ «ሴንት አይተምስ» ውስጥ መልእክቱን ሁለቴ ተጭነው በራሱ መስኮት ይክፈቱ። በጎን በሚታየው ማንበቢያ ላይ እያሉ ትእዛዙን ከፈለጉት አያገኙትም፤ ግማሹ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ከዚያ በክላሲክ (በድሮው) አውትሉክ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ሪሴንድ ኦር ሪኮል»፣ «ሪኮል ዚስ ሜሴጅ»። ውጤቱን በየሰዉ እንዲያሳውቅዎ ምልክት ያድርጉበት። በድሮው አሠራር የሚጠፋው ገና ያልተነበበ ብቻ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. በደመና ላይ ያለው ኤክስቼንጅ ከተቀየረ ወዲህ አስተዳዳሪው ካልከለከለ የተነበበውም ይጠፋል። የተነበበ ነገር ከሰው ጭንቅላት አይጠፋም፣ ስለዚህ ፈጥነው ያድርጉት።

ከዚህ የሚሻለው ማዘግየት ነው። በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ክላሲክ አውትሉክ «ፋይል»፣ «ማኔጅ ሩልስ ኤንድ አለርትስ»፣ «ኒው ሩል» ብለው በምልካቸው መልእክቶች ላይ የሚለውን ይምረጡ፤ «ዲፈር ደሊቨሪ» ላይ 2 ደቂቃ ያስገቡ። እስከ 120 ደቂቃ ይፈቅዳል፣ 2 ግን ይበቃል። አውትሉክን በመሃል ከዘጉት መልእክቱ «አውትቦክስ» ውስጥ ሊቀር ይችላል።

ችግር፦ ለሌላ ሰው ሄደ

ከሁሉም በላይ ደጋግሞ የሚመጣው ይኼ ነው። ኢሜይሉ በትክክል ተጽፏል፣ አታችመንቱም ትክክል ነው፣ ያረፈው ግን ሌላ ቤት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ሁለት ፊደል ሲጻፍ ፕሮግራሙ አድራሻውን ራሱ ይሞላል፣ ሰውም ሳያይ «ኢንተር» ይጫናል።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይብሳል። ስማችን የቤተሰብ ስም የለውም፣ በሥራ ዓለም የምንጠራራው በመጀመሪያ ስም ነው፣ ስልክ ላይም የምናስቀምጠው «ሄለን» ብለን ብቻ ነው። የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር ለሒሳብ ክፍሏ ሄለን ሊላክ ታስቦ ለዕቃ አቅራቢዋ ሄለን ይሄዳል። የጨረታ ዋጋ ለራስ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ዳዊት ታስቦ ተወዳዳሪው ድርጅት ውስጥ ላለው ዳዊት ይደርሳል፤ ያ ሰነድ ከተከፈተ የወራት ልፋት ዋጋ የለውም። በላቲን ፊደል ስንጽፍም «ፀሐይ»ን አንዱ በአምስት፣ ሌላው በስድስት ፊደል ይጽፋታል፤ በአንድ ፊደል የተሳሳተ አድራሻ ብዙ ጊዜ «አልደረሰም» ተብሎ አይመለስም፣ ምክንያቱም በዚያ አጻጻፍ እውነተኛ ሰው አለ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ከሥራ የለቀቀ ሰው የድሮ የቢሮ አድራሻ ነው። ሳጥኑን ዛሬ የሚከፍተው ተተኪው ወይም አለቃው ነው።

መፍትሄው የድሮ አድራሻዎችን ማጽዳት ነው። ጂሜይል ላይ «ጉግል ኮንታክትስ»ን ከፍተው «አዘር ኮንታክትስ» ውስጥ ይግቡ። አንድ ጊዜ ብቻ የጻፉለት ሰው ሁሉ ሳያውቁት እዚያ ተከማችቷል፤ የማይፈልጉትን ያጥፉ። ቀጥሎ በ«ጀነራል» ሴቲንግ ውስጥ ኮንታክት ራሱ እንዲፈጥር የሚያደርገውን ምርጫ «አይል አድ ኮንታክትስ ማይሰልፍ» ወደሚለው ይቀይሩ፣ ሴቭ ያድርጉ። አውትሉክ ላይ ስሙ ሲመጣ በቀኙ ያለችውን የ«ኤክስ» ምልክት መጫን ይበቃል። የሚቀሩትን ሰዎች በሥራቸው ይሰይሙ፦ «ሄለን ሒሳብ»፣ «ሄለን አቅራቢ»።

ሁለተኛው መፍትሄ አጻጻፍን መቀየር ነው። አታችመንት ያስገቡ፣ ርዕስ ይጻፉ፣ ጽሑፉን ይጨርሱ፣ አድራሻውን በመጨረሻ ያስገቡ። አድራሻ የሌለው ኢሜይል በስህተት አይሄድም። መልስ በሚጽፉበት ጊዜም ደመወዝ፣ የሕክምና ውጤት ወይም የዋጋ ሰነድ ካለበት አድራሻውን አጥፍተው ይጀምሩ። «ሪፕላይ ኦል» (ለሁሉም መልስ) ራሱ እንዲመረጥ የተደረገበት ጂሜይልም አለ፤ «ዲፎልት ሪፕላይ ቢሄቪየር» ላይ ወደ «ሪፕላይ» ይመልሱት።

ችግር፦ የተሳሳተ ፋይል ተያያዘ

ፋይሉ የሄደው በጉግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ሊንክ ከሆነ እድለኛ ነዎት። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ራሱ ወደ ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል። ፋይሉን ድራይቭ ላይ ከፍተው «ሼር» ውስጥ የሰውየውን ስም ያውጡ፤ ሊንኩ ለማንኛውም ሰው ክፍት ከሆነ ወደ «ሪስትሪክትድ» ይቀይሩ። ከሰዓታት በኋላም ይሠራል፤ ዳውንሎድ የተደረገውን ግን አይመልስም። ምስጢር ያለበትን ፋይል ትንሽ ቢሆንም በሊንክ መላክ የሚበጀው ለዚህ ነው።

ችግር፦ ኔትወርክ ደካማ ነው፣ ሄደ ወይስ አልሄደም?

በስልክ አፕ ትልቅ አታችመንት ከላኩ ወዲያው የአውሮፕላን ምልክቱን ያብሩ። «አውትቦክስ» ውስጥ ካገኙት ያጥፉት፣ ከዚያ ኔትወርኩን ይመልሱ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ኔትወርኩ እንደተመለሰ ያለው ሁሉ ይሄዳል። «ሴንት» ውስጥ ከታየ አልፏል።

ለተወሰነ ሰዓት ቀጠሮ የተያዘለት ኢሜይል «ስኬጁልድ» ፎልደር ውስጥ ነው፤ ከፍተው «ካንስል ሴንድ» ይጫኑ። የተቀባዮችን አድራሻ በሚደብቀው በቢሲሲ ፋንታ ሁሉም በሚያየው በሲሲ የሄደ አይታረምም።

ጊዜው ካለፈ

በመጀመሪያ ይደውሉ። «ይቅርታ፣ አጥፉልኝ» የሚል ኢሜይል ለመቶ ሰው በ«ሪፕላይ ኦል» አይላኩ፤ ሁሉም ይመልሳል፣ ሁሉም ይከፍተዋል። በስልክ ካልተገኘ ለእሱ ብቻ ይጻፉ፣ ምስጢሩን በርዕሱም በጽሑፉም አይድገሙት፦ «ቀደም ሲል የደረስዎ መልእክት ለእርስዎ የታሰበ አልነበረም። ለሌላ ሳያስተላልፉ ከኢንቦክስዎም ከትራሽም እንዲያጠፉልኝ፣ ማጥፋትዎንም በአንድ መስመር እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» ትራሽን መጥቀስ አይርሱ፤ ጂሜይል የተጣለውን እዚያ 30 ቀን ያቆየዋል።

ፓስወርድ ከተላከ መለመን ጊዜ ማባከን ነው፤ ያኔውኑ ይቀይሩት። ለሥራ ባልደረባ ከሄደ የድርጅቱ የአይቲ ኃላፊ ከሰርቨሩ ሊያጠፋው ይችል ይሆናል፣ የተላከበትን ሰዓትና ርዕሱን ይዘው ይሂዱ። የሌሎች ሰዎች የግል መረጃ ከሄደ ለኃላፊዎ መደበቅ አያዋጣም፦ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ድርጅቱ በሰዎች መብት ላይ አደጋ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳይ እንዳወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ አለበት፤ ኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት።