የጥድ ሙጫ የመኪና ቀለም ላይ ሲደርቅ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ሁዳዴ ሲገባ ወደ ቀለም ቤት የሚመጣው ሥራ የታወቀ ነው። ባለቤቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ሊያስቀድስ ይገባል፣ ለጥላ ብሎ መኪናውን ከጥዱ ሥር ያቆማል፣ 9 ሰዓት ሲወጣ ኮፈኑና ቴቶው (ጣሪያው) ላይ ሙጫ ተንጠባጥቦ ያገኛል። እስከዚህ ድረስ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የሚበላሸው ላቫጆ ሄዶ «ይሄን አስለቅቁልኝ» ሲል ነው። እኛ ጋ ደርሰው እንደገና ከተቀቡት መኪኖች አብዛኞቹን የጎዳቸው ሙጫው ሳይሆን ፍግፊያው ነው።

መኪናውን ቀድሞ ማጠብ፣ ጥላ ውስጥ መሥራት፣ ቆርቆሮው እስኪበርድ መጠበቅ የታወቀ ስለሆነ አልደግመውም።

ምልክት፦ መኪናው በሙሉ፣ መስታወቱም ጭምር፣ በደቃቅ የሚጣበቅ ነጠብጣብ ተሸፍኗል።
ይሄ ሙጫ አይደለም። ቅጠል ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች የሚጥሉት ስኳርነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሲቆይ የሚይዘው ጥቁር ነገር ደግሞ ስኳሩ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ለብ ያለ ውሃና የመኪና ሻምፖ ይበቃዋል።

ምልክት፦ ጠብታው ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ያሟልጫል።
የግራር ወይም የግራቪሊያ ሙጫ ነው። ይሄኛው በውሃ ይለሰልሳል ወይም ይሟሟል፣ በአልኮል ግን አይሟሟም። አልኮል ጠርሙስ ሙሉ ጨርሰው «እምቢ አለኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይሄ ነው። በሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አልብሱት፣ ሲበርድ በሌላ ቀይሩት፣ ራሱ ይለቃል።

ምልክት፦ ቢጫ ወይም ወርቃማ ጠብታ፣ ላዩ የደረቀ፣ ጥድ ጥድ የሚሸት፣ ውሃ ምንም የማያደርገው።
ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። የሐበሻም ሆነ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ወይም ሲሰነጠቅ ሙጫ ያነባል፤ በቅርቡ የተከረከመ ጥድ ሥር መኪና ማቆም ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ሙጫው ውስጥ ያለው የሚሸት ዘይት በንኖ ሲያልቅ ጠጣሩ ይቀራል። ይሄ ጠጣር በውሃ አይሟሟም፤ በአልኮልና በዘይት ግን ይሟሟል። ቀን ቀን ፀሐይ አለስልሶ ከክሊሩ (ከቀለሙ በላይ ካለው ግልጽ ሽፋን) ጋር ያጣብቀዋል፣ ማታ ሲበርድ ይኮማተርና ክሊሩን ይስባል። ስለዚህ ዛሬ የወደቀው ዛሬ ቢነሳ ምንም ምልክት አይተውም፤ ወር የቆየው ግን ከሥሩ ጠባሳ ሊኖረው ይችላል። ጥቁርና ሰማያዊ መኪና የበለጠ ስለሚሞቅ ቶሎ ይጎዳል።

የፋብሪካ ክሊር ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ቢሆን ነው። በሽቦ የሚፈገፍግ ሰው በስንት ምት እንደሚጨርሰው አስቡት።

ሙጫውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ፦ ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይስ እዚህ የተቀባ? እዚህ አገር የሚሸጥ ሁለተኛ እጅ መኪና ስንቱ ለሽያጭ ተብሎ በርካሽ የናይትሮ ቀለም ላዩን ተቀብቷል! ናይትሮ ሀርድነር (ማጠንከሪያ) ገብቶበት የደረቀ ቀለም ስላልሆነ ቲነር ሲነካው ተመልሶ ይቀልጣል፣ አልኮልም ያለሰልሰዋል። አንድ ነጭ ቪትዝ አስታውሳለሁ። ቴቶው ላይ የነበረው ሙጫ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። አጣቢው ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ሲጎትተው ነጩ ተገፎ ግራጫው ፕራይመር (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው) ወጣ። ልጁ ደነገጠና ለማስተካከል ደጋግሞ ጠረገው፤ የሰሃን ያህል ቦታ ተላጠ። ለባለቤቱ የተነገረው «ሙጫው በልቶት ነው» የሚል ነበር። እንዲህ የሚያደርግ ሙጫ የለም። ቲነር የቀቢ ዕቃ ነው፣ እጥበት ቤት ውስጥ ምንም ሥራ የለውም።

ስለዚህ ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ አልኮል አስነክታችሁ፣ ሙጫው ካለበት ከዚያው አካል ታችኛ ጠርዝ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ። ጨርቁ ቀለም ከያዘ ወይም ቦታው ከተጣበቀ አልኮሉን ተዉት። ሙከራውን የኮፈኑ ሆድ ላይ አታድርጉ፤ ቀቢው ውጪውን ብቻ ቀብቶ ውስጡን የፋብሪካ ትቶት ሊሆን ይችላል። አንዱ በር የፋብሪካ፣ ጎኑ ያለው ፓራፋንጎ ናይትሮ የሆነበት መኪናም ሞልቷል፤ ሁሉንም ለየብቻ ፈትኑ።

ቀለሙ ፈተናውን ካለፈ፦ ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ይበቃል። በኮሮና ጊዜ የተረፈ ጄል ሳኒታይዘር አትጠቀሙ፤ ማወፈሪያና ግሊሰሪን ስላለበት ሌላ ዝልግልግ ይጨምርላችኋል። ጥጥ በአልኮል አርሱና ጠብታው ላይ አስቀምጡት። አትሹት፣ ዝም ብላችሁ አስቀምጡት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ አንሱት፤ የሙጫው ላይኛው ክፍል ለስልሶ ጥጡ ቢጫ ይሆናል። ያንን ጥጥ ጣሉና በአዲስ ድገሙ። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥቱ የሚያልቀው። ጠብታው ግማሽ ሲሆን «ትንሽ ነው የቀረው» ይልና መፈግፈግ ይጀምራል፤ ሙጫው ውስጥ የተቀበረው አቧራ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ክሊሩን ይጭረዋል። መጨረሻ ላይ ንጣፉ ብቻ ሲቀር በንጹሕ ማይክሮፋይበር ከጠርዝ ወደ መሃል እየለቀማችሁ ጥረጉት። ወደ ውጪ ከጠረጋችሁ የሟሟው ሙጫ ተዘርግቶ ነጭ ዳመና ይሠራል። ቢሠራም አትደንግጡ፣ በአዲስ ጨርቅና በአዲስ አልኮል ይነሳል። ከዚያ ቦታውን በሻምፖ እጠቡና ሰም ቀቡ፤ አልኮሉ የነበረውን ሰም ስለሚያነሳው ቦታው ራቁቱን ነው።

አልኮል ይነድዳል። ሞተሩ በጋለበት ኮፈን ላይ አታፍስሱ፣ ሲጋራ የያዘ ሰው አታስጠጉ።

ቀለሙ ፈተናውን ከወደቀ፦ የምግብ ዘይት። ጥጥ በዘይት ነክራችሁ ሙጫው ላይ ሩብ ሰዓት ተዉት፣ በእጅ ጣት ሥጋ (በጥፍር አይደለም) ቀስ እያላችሁ አንከባሉት፣ እስኪያልቅ ድገሙ፣ በመጨረሻ በሻምፖ ዘይቱን አውጡት። ከአልኮል ይዘገያል፣ ግን ናይትሮውን አይነካውም። ቤንዚንና ቲነር በምንም ዓይነት ቀለም ላይ አያስፈልጉም።

ምልክት፦ ሙጫው ተነስቷል፣ ክብ ጠባሳ ቀርቷል።
ጥፍራችሁን አግድም አሳልፉበት። ካልያዘው ጥሩ ፖሊሽ በእጅ ያወጣዋል። ከያዘው ክሊሩ ተጎድቷልና ማሽን የያዘ ባለሙያ ይየው። የድስት ማጠቢያ ሽቦ የነካው ከሆነ ግን የተለየ ነው። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ኮሮላ ሽቦ ተሽቶበት ሲመጣ ሙጫው በእርግጥ የለም፤ ፀሐይ ላይ ሲቆም ግን ኮፈኑ በሙሉ ጭረት ብቻ ነበር። በኮምፓውንድ (ጭረት በሚያወጣ ሸካራ ፖሊሽ) ብዙውን አወጣነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ግን ክሊሩ አልቆ ስለነበር ኮፈኑ መቀባት ግድ ሆነ። በአንድ ጥጥና በትዕግሥት ይነሳ የነበረ ነገር ነው!

ፖሊሽ ስትገዙ ስም የሌለውን፣ ውስጡ ምን እንደሆነ ያልተጻፈበትን አትግዙ። ብዙው ሲሊኮን ዘይት ነው፤ ያብለጨልጫል እንጂ ጠባሳ አያወጣም። ብሶ ተብሶ፣ መኪናው ቀለም ሲፈልግ ሲሊኮኑ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም እየሸሸ ዓይን ዓይን ይሠራል። ቀቢውም ደንበኛውም ያለ ጥፋታቸው ይጣላሉ።

መስታወት ላይ ከሆነ፦ በሳሙና ውሃ አርጥቡትና አዲስ ምላጭ ጋደም አድርጋችሁ ግፉ። ምላጭ ለመስታወት ብቻ ነው።

የፊት መብራት ላይ ከሆነ፦ መብራቱ ፕላስቲክ ስለሆነ ምላጭ ይጭረዋል፣ ቲነር ይሰነጥቀዋል። የምግብ ዘይቱን ተጠቀሙ።

ቀለሙ የማያብለጨልጭ ማት ከሆነ፦ ፖሊሽም ሰምም አታስነኩት፤ ያሻችሁት ቦታ አብለጭልጮ ይቀራል፣ የሚመልሰውም የለም።