ቅጠል ያለው ካክተሴ እንዴት እንደተረፈ

ግንዱ ከሥር ጠቁሮ ሲለሰልስ ውኃ የጠማው መስሎኝ ጨመርኩለት፤ ባሰበት። ለነገሩ ምን ተክል እንደሆነም በቅጡ አላውቅም ነበር። ቅጠል ስላለው ካክተስ ሳይሆን ወተታሙ ቁልቋል ነው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ቅርንጫፉን በቢላ ጫር ሳደርገው ግን ነጭ ወተት አልወጣም። ቁልቋል ቢሆን ወዲያው ይንጠባጠብ ነበር። እሾሁን ጠጋ ብዬ ሳየው የሚበቅለው ከትንሽ ጸጉራም ጉብታ ነው፤ ይህ ደግሞ የካክተስ ቤተሰብ መለያ ነው። ድብልብል ግንድ፣ እንደ ወስፌ የሾለ፣ ቶሎ የማይረግፍ ረጅም ቅጠል፦ ኦስትሮሲሊንድሮፑንሺያ ሱቡላታ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ የአንዲስ ተራሮች ቁጥቋጦ።

የበሰበሰው ሥር ስለማይድን ከላይ ያለውን ማዳን ነበረብኝ። ቢላውን በአልኮል እየጠረግሁ፣ ቡናማ ነጥብ የሌለበት አረንጓዴ ሥጋ እስኪመጣ ቆረጥኩ። ቁራጩን በተጣጠፈ ጋዜጣ ይዤ (እሾሁ ምሕረት የለውም) ቁስሉ እስኪደርቅ 10 ቀን ጥላ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ ግማሹ ጠጠርና ሸካራ አሸዋ የሆነ አፈር ውስጥ ተከልኩት። ሥር እስኪያወጣ አለማጠጣቱ ከሁሉም ከበደኝ፤ እጄ አላርፍ አለ። በ5ኛው ሳምንት በቀስታ ስስበው አልነቃነቅ አለ። አሁን የማጠጣው አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ነው።